የናፍጣ ቫኔን ላሳድስ ወይስ ወደ ኤሌክትሪክ ልግባ?

ማቀዝቀዣ ጠጋኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ የኤሲና የፍሪጅ ጥገና ነው። ቢሮዬም መጋዘኔም ቫኔ ናት። ናፍጣ ናት፣ አርጅታለች። ፍሪሲዮኗ መንሸራተት ጀምሯል። ከሱ በላይ ያሰለቸኝ ግን ዲፒኤፍ የሚሉት የጭስ ማጣሪያ ነው። አጭር አጭር መንገድ ስለምሄድ የተጠራቀመው ጥቀርሻ ተቃጥሎ ሳያልቅ ሞተሩን አጠፋለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ጉልበቷ ይወርዳል፣ ጋራዥ እሄዳለሁ፣ ይጸዳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይበራል።

አሁን ወይ ገንዘብ አፍስሼ አሳድሳታለሁ፣ ወይ ኤሌክትሪክ ቫን እገዛለሁ። ችግሩ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያወራኝ ሰው ሁሉ ወይ ሻጭ ነው ወይ ነድቶት አያውቅም። እኔ የምፈልገው በሱ እንጀራውን የሚበላ ሰው ነው።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። አብዛኛውን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር አልበልጥም። አልፎ አልፎ ግን ራቅ ያለ ቦታ የአንዱ ቀዝቃዛ መጋዘን ይቆምና ደርሶ መልሱ 250 ይገባል። እንደዚያ ቀን ደግሞ ስልኩ ዝም አይልም፤ ውስጥ ያለው ዕቃ እየተበላሸ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ሁሌም መሰላል አለ። ውስጥ የናይትሮጅን ሲሊንደር፣ የቫኪዩም ፓምፕ፣ የመዳብ ቱቦ ጥቅልል፣ አንዳንዴም ኮምፕረሰር። ማታ ግቢዬ ውስጥ ነው የማሳድራት። ሶኬት አለ፣ ግን ተራ ሶኬት ነው።

ሻጩ «አንዴ ሞልተህ ከ300 በላይ ትሄዳለህ» ይለኛል። ይሄን ቁጥር ምን ያህል ልመነው?

ዕቃ አድራሽ

ወንድሜ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሳደርስ ነው የምውለው፣ በኤሌክትሪክ ቫን። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ያንተ ቁጥር ግን አይደለም።

ፎርድ ኢ-ትራንዚትን እንይ። መጀመሪያ ሲወጣ ጥቅም ላይ የሚውለው ባትሪው 68 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። በአውሮፓ መለኪያ እስከ 317 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተባለ። በአሜሪካ መለኪያ ደግሞ ጣራው ዝቅ ያለው 126 ማይል ተባለለት፤ ይሄ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባትሪው ያው ነው። የተለወጠው እንዴት ተነድቶ እንደተለካ ነው።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ተውና ፍጆታውን ጠይቅ። ትልቅ ቫን ለ100 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 35 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብለህ ያዝ። በ30 ብታሰላው፣ 68ቱ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ይወስድሃል። ያውም እስከ ባዶ ድረስ፤ እስከ ባዶ ደግሞ ማንም አይነዳም።

ጭነት ከምትፈራው ያነሰ ነው የሚጎዳህ። ከተማ ውስጥ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ መልሶ ኃይል ያመነጫል፣ ስለዚህ የክብደቱ ዕዳ በከፊል ይመለሳል። የሚበላህ ፍጥነት ነው። አውራ ጎዳና ላይ 110 ስትነዳና 90 ስትነዳ ሁለት የተለያየ መኪና ነው የሚመስልህ። መሰላልህም ነፋሱን ስለሚይዝ እዚያው ነው የሚጎዳህ። በማትፈልገው ቀን አውርደው፣ ወይ ከገባ ውስጥ አስገባው።

ሌላው ብርድ ነው። የናፍጣ ሞተር በሚያባክነው ሙቀት ጋቢናውን ያሞቃል፤ እዚህ ግን ሙቀቱ የሚወጣው ከባትሪው ነው። ጠዋት ገመዱን ሳትነቅል ጋቢናውን ቀድመህ አሙቅ። ስትገዛም በትንሽ ኃይል የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ። መቼም ሂት ፓምፕ ምን እንደሆነ ለአንተ አላስተምርም።

ማቀዝቀዣ ጠጋኝ

ሃሃ፣ እሱንስ ተወው። አመሰግናለሁ። በዚህ ሒሳብ የዘወትር ቀኔ በደንብ ይሸፈናል፣ የሚያስፈራኝ 250ው ነው። ፈጣን ቻርጀር መንገድ ላይ አለ ይሉኛል፣ ግን የሰው ሥጋና ወተት እየተበላሸ ወረፋ መጠበቅ አልችልም። ደግሞ ያቺ ተራ ሶኬት ሌሊቱን ትሞላዋለች?

ጋሽ መፍቻ

ልጄ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 10 አምፔር በ230 ቮልት 2.3 ኪሎዋት ነው። 10 ሰዓት ብትሰካው 23 ኪሎዋት ሰዓት። ከሱ ላይ ባትሪው እስኪደርስ የሚባክን አለ፣ ባትሪው ውስጥ 20 ገባ እንበል። ይሄ ለትልቅ ቫን 70 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አንተ በቀን 100 ትነዳለህ። ሰኞ ሙሉ ሆነህ ብትነሣም ዓርብ ላይ ይጨንቅሃል።

ራሱን የቻለ መስመር ከቆጣሪው አስጎትት። 32 አምፔር ቢሆንልህ 7.4 ኪሎዋት ይሰጥሃል፣ 68ቱን በአንድ ሌሊት ይሞላዋል። የራሱ ብሬከር፣ ደህና ግራውንድ ይኑረው። በተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ እንዳትሞክረው። ኤሲ የምታስር ሰው ነህ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሙሉ ጭነት የሚስብ ልል ሶኬት ምን እንደሚሆን አይተሃል። ከቫኑ በፊት ኤሌክትሪሻን ጥራ። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ደግሞ ከኤሌክትሪሻኑ በፊት አከራይህን አናግር።

አሁን ወደ ጋራዡ ልምጣ። ዘይት መቀየር የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ኢንጀክተር የለም፣ ያ ያሰለቸህ ማጣሪያም የለም። ለአጭር አጭር መንገድ ናፍጣ የማይወደውን ሥራ ኤሌክትሪክ ይወደዋል። ግን «ጥገና የለውም» የሚልህን አትስማ። ከባድ ነው፣ ጉልበቱም ከመነሻው ሙሉ ነው፣ ስለዚህ ጎማ ይበላል። የፍሬን ሸራ እንኳ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ የሚያቆምህ ሞተሩ ስለሆነ። በዚያው ግን ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ይዝጋል። አንዳንዴ ፍሬኑን ረገጥ አድርገው።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሷም አለች። ትልቁ ባትሪ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ እሷ ስለሞተች ብቻ አልነሣ ያለ ቫን በመጎተቻ መጥቶልኛል። ባለቤቱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። የቀየርኩለት ያቺን ብቻ ነው።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው የባትሪውን ጤንነት በመቶኛ በጽሑፍ ተቀበል። ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ከቀድሞ አቅሙ 70 በመቶ በታች ሲወርድ ነው የሚሠራልህ። የቀሩት ዓመታት ወደ አንተ ይዞሩ እንደሆነ ጠይቅ። የቆየ ሬኖ ካንጉ ዜድ.ኢ. ካገኘህ ደግሞ ባትሪው የማን እንደሆነ አጣራ። ቫኑ ተሽጦ ባትሪው በወር ኪራይ የነበረባቸው ብዙ ናቸው። መሰኪያውንም እይ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ጂቢ/ቲ ነው፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው፣ አንዱ ለሌላው አይገባም። አካባቢህ ያለው ቻርጀር የትኛው ነው?

አናጺዋ

እኔ አስቤበት አስቤበት ናፍጣዬን ያስቀረሁ ነኝ። ምክንያቴ ተጎታች ነው። እንጨት ጭኜ ተጎታች ስጎትት የመሄጃው ርቀት ክፉኛ ይወርዳል፣ ብዙ ፈጣን ቻርጀር ጋ ደግሞ ተጎታቹን ሳትፈታ መቆም አይቻልም። አንተ ግን አትጎትትም፣ ስለዚህ የኔን ፍርድ አትቅዳ።

ክብደቱን ግን አደራ። ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ነው። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት እኩል የሆነ ቫን ሕጋዊ የጭነት አቅሙ ከናፍጣው ያንሳል። ያሁኑን ቫንህን ከነሲሊንደሩ፣ ከነመሰላሉ፣ ከነራስህ ሚዛን ላይ አውጣው። ባዶ ክብደቱን ቀንስ። የሚቀረውን ከአዲሱ ወረቀት ጋር አስተያይ። ሠራተኛ ሁሉ «እኔ ብዙ አልጭንም» ይላል፣ እኔንም ጨምሮ። መደርደሪያው ራሱ ስንት እንደሚመዝን ታውቃለህ?

ስለ 250ው ቀን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀዝቃዛ መጋዘን ያለ ሦስት ፌዝ መብራት ይሠራል እንዴ?

ማቀዝቀዣ ጠጋኝ

ትልልቆቹ አይሠሩም። ሁሉም ጋ ሦስት ፌዝ አለ... ቆይ ቆይ፣ ገባኝ። ይሄ እንዴት አልታየኝም!

አናጺዋ

እንዴታ። የምትሄድበት ቦታ ራሱ ኃይል አለው። መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ሦስት ፌዝ የሚቀበል ከሆነና ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ይዘህ ከሄድክ 11 ኪሎዋት ልትስብ ትችላለህ። ሦስት ሰዓት ስትሠራ 33 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ዕቃ አድራሽ ባለው ፍጆታ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለቤቱን ግን ቀድመህ አስፈቅድ፣ የተበላውንም ከሒሳብህ ላይ ቀንስለት። ደግሞ መስመሩ የሚችል መሆኑን አንተው ለካ። ኮምፕረሰሩ ሲነሣ አብሮ እንዳይወድቅ።

ማቀዝቀዣ ጠጋኝ

ተባረኩ። ጋሼ፣ መስመሩን ነገውኑ አሳያለሁ፤ ግቢው የራሴ ነው። የአካባቢዬ ቻርጀር ሲሲኤስ 2 ነው፣ ሻጩ የሚያሳየኝ ቫንም እንደዚያው። እርስዎ ስለ ዋስትናው ያሉትን ግን በወረቀት ካላየሁ እጄን ኪሴ አላስገባም። ሚዛን ላይም አወጣታለሁ።

ሻጩን አንድ ሳምንት ስጠኝና ከነመሰላሌ ከነዕቃዬ ሠርቼበት ልይ አልኩት። ለሙከራ አንድ ሰዓት ነው የምንሰጠው አለኝ። ባዶ ቫን አንድ ሰዓት ነድቼ ምን አውቃለሁ? በሳምንት የሚያከራይ ቦታ እየፈለግኩ ነው። ያቺ ሳምንት ላይ ራቅ ያለ ጥሪ ከመጣ እሰየው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። አንዳንዱ ቫን ውስጡ ሶኬት አለው ይባላል። ደንበኛው ቤት መብራት ሲጠፋ ቫኪዩም ፓምፔ ቆሞ ሥራው በእንጥልጥል ይቀራል። በዚያ ይሠራል?

ዕቃ አድራሽ

ሶኬት ያለው ካገኘህ ይሠራል። ኢ-ትራንዚት ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚታዘዝ አለ፣ 2.3 ኪሎዋት። የአንተ ዓይነት ፓምፕ አብዛኛው ከ1 ኪሎዋት በታች ነው፣ ሲነሣ ግን ለቅጽበት ብዙ ይስባል። ስለዚህ በወረቀት አትመን። በተከራየኸው ቫን ላይ ሰክተህ አስነሣው፣ የፓምፑ ሞተር ቀዝቅዞ ዘይቱ ወፍሮ እያለ። ያኔ ካነሣው ሁሌም ያነሣዋል። አዲስ ስታዝ ደግሞ ሶኬቱን ከመጀመሪያው አስገባበት፣ በኋላ ማስጨመሩ ጣጣ ነው።