የመጨረሻዋ ቢት ለምን አትገመትም?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ለሰፈራችን እቁብ ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ያለፈውን ቁጥር አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ሲካፈል የሚተርፈውን ቀሪ የሚይዝ ተራ ዘዴ ነው። የአንድ አባል ልጅ ማካፈያውን ጠይቆኝ፣ ሦስት ተከታታይ ውጤቶች አይቶ አራተኛውን ቀድሞ ተናገረ። ሰብሳቢያችን በጎሪጥ ያዩኝ ጀመር።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1986 ሌኖር ብሉም፣ ማኑኤል ብሉምና ማይክል ሹብ ያወጡትን ዘዴ ሞከርሁ። 7ን በ11 አባዝቼ 77 ያዝሁ፤ ከ2 ተነሥቼ ቁጥሩን በራሱ እያባዛሁ በ77 ሳካፍል ቀሪዎቹ 4፣ 16፣ 25፣ 9 ሆኑና እንደገና 4 መጣ። ቁጥሮቼ ትንንሽ ስለሆኑ ነው፤ ሲተልቁ ብዜቱን መልሶ ወደ ሁለቱ ተባዥ ቁጥሮች መበተን እንደሚከብድም ገብቶኛል። ከእያንዳንዱ ቀሪ የሚወሰደው ግን የመጨረሻዋ ቢት (ቁጥሩ በ0ና በ1 ብቻ ሲጻፍ የመጨረሻዋ አሃዝ) ብቻ ናት፦ ተጋማሽ ከሆነ 0፣ ካልሆነ 1።

ያቃተኝ እዚህ ላይ ነው። ሙሉውን ቁጥር ማግኘት ስለከበደ እያንዳንዷ ቢት ተሰውራለች ማለት አይደለም። የታወቀ ቁጥር በተሰወረ አርቢ (በራሱ ስንት ጊዜ እንደተባዛ በሚናገር ቁጥር) ከፍ ብሎ፣ በትልቅ ብቸኛ ቁጥር ተካፍሎ ከተረፈ ቀሪ ተነሥቶ አርቢውን መፈለግ ከባድ ሆኖ ሳለ፣ አርቢው ተጋማሽ መሆን አለመሆኑ በቀላሉ ሊታወቅ ይችላል። ታዲያ በብሉሞቹና በሹብ ዘዴ፣ የመጨረሻዋን ቢት ከዕድል በተሻለ የሚገምት ሰው ብዜቱን ወደ መበተን የሚደርሰው በምን መንገድ ነው?