አራጣ አበዳሪ የቤት ሽያጭ ውል ላይ ፈርሙ ሲል

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ። ባል የሞተባቸው እናት 100,000 ብር በወር 10 በመቶ ሊበደሩ ነው። አበዳሪው በብድር ውል ፈንታ የቤት ሽያጭ ውል አምጥቷል፤ ውክልናም ይላል። ምን ይደረግ?

መልስ፦ እንዳይፈርሙ! ሽያጭ ብለው ከፈረሙ በኋላ «ብድር ነበር» ብሎ በምስክር ማስረዳት አይሆንም፤ ጽሑፉ ያስራል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ የግለሰብ ብድር ወለድ ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው። የአበዳሪው በዓመት 120 በመቶ ሆነ እኮ!

መልስ፦ መያዣ ግድ ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፣ ቤቱ ባለበት ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ አይጸናም። «ካልከፈሉ ቤቱ የኔ» የሚለው አንቀጽ በዚሁ ሕግ ቁጥር 3060 ፈራሽ ነው።

ጠያቂ፦ ውክልናውን ትናንት ፈርመዋል።

መልስ፦ አብሽር። ዛሬውኑ ውክልናው የጸደቀበት ቢሮ ሄደው ይሻሩት፤ መሻሩን ለወኪሉም ለማዘጋጃ ቤቱም በጽሑፍ ያሳውቁ። ካርታው ከእጃቸው አይውጣ። አራጣ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 712 ያስቀጣል።