የዳነ ሰው ጫት ይሸጣል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጎረቤቴ መጋላ ሰፈር ጫት ትቸረችራለች። ባሏ አርፏል፣ ሦስት ልጆች አሏት። የአወዳይ ጫት ሲገባ ትረከብና በእርጥብ ጆንያ ሸፍና እስከ ማታ ትሸጣለች። በቅርቡ ጌታን ተቀበለች። ልትጠመቅ ስትዘጋጅ ሽማግሌዎቹ «መጀመሪያ ጫቱን ተዪ» አሏት። አስራቷንም አልቀበል አሉ። ክርስቶስ በደሙ የዋጀን በነጻ ነው እያልን እናስተምራለን። ታዲያ ይሄ ነገር እንዴት ይታያል? እዚህ ኦርቶዶክስም ጴንጤም አለን፣ ሁላችሁም ተናገሩ።

ሳቢያን፦ ሽማግሌዎቹ ልክ ናቸው። ጸጋ በነጻ ነው፣ ግን ሰውን እንደነበረ አይተወውም። በኤፌሶን ያመኑት አስማተኞች መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው አቃጠሉ። ዋጋው 50,000 ብር ነበር ይላል፣ ሐዋርያት ሥራ 19። ሸጠው ለድሆች ቢሰጡት ይቻል ነበር፤ ግን ሌላ ሰው እጅ እንዲገባ አልፈለጉም። ደግሞ እዚሁ ከተማ ነው የምንኖረው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀረው የቀን ሠራተኛ ደመወዝ የልጆቹ ራት ነው። ያንን ገንዘብ ተቀብላ እሁድ እጇን አንስታ ስትዘምር ልቧስ ያርፋል? ስለ አስራቱም ዘዳግም 23፥18 ግልጽ ነው፣ ሁሉም ገንዘብ ቤተ መቅደስ አይገባም።

ዲያቆን (ሐረር)፦ ወንድም ሳቢያን፣ የጠቀስከው ስለ ጋለሞታ ዋጋ ነው። ወደ ጫት ስትወስደው ቀስ በል።

በእኛ ትምህርት ጌታ በመስቀል ላይ ዓለሙን ዋጅቷል፣ የጎደለ ነገር የለም። እኛ ያንን የምንካፈለው በጥምቀት፣ በቁርባን፣ በንስሐ፣ በየዕለቱ ኑሮ ነው። ስለዚህ ጥምቀት መንገዱን ለጨረሰ ሰው የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፣ መነሻው ነው። የእኛው አገር ሰው ጃንደረባው «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ሲል ፊልጶስ የሥራ ታሪኩን አልጠየቀውም። ጫት መልካም ነው እያልኩ አይደለም፣ እኔም ብትተወው እመርጣለሁ። ግን የንስሐ አባት ቀኖና ሲሰጥ የሰውየውን አቅም ያያል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀኖና አይሰጥም።

ነጋዴው፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። ጫት በአገራችን ሕግ አልተከለከለም። ግብር ይከፈልበታል፣ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይሄዳል፣ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ጠግቦ አይደለም፤ ቡና የሚያበላው ስላጣ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች «ምን እናድርግ?» ሲሉት «ሥራችሁን ልቀቁ» አላለም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያለው። ወታደሮቹንም እንደዚያው፣ ሉቃስ 3።

ደግሞ እንነጋገር ከተባለ እንነጋገር። በየጉባኤያችን ኮንትሮባንድ ልብስ የሚያወርድ የለም? በአራጣ የሚያበድር፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚይዝ? የእነሱን አስራት ማን መለሰ? ባለ ሦስት ልጅ መበለት ላይ ሲሆን ብቻ ነው ጉልበት የምናገኘው።

ሳቢያን፦ የመጨረሻው ነጥብህ ትክክል ነው፣ አልከራከርህም። የዮሐንሱ ግን አይገጥምም። ቀራጭ ሳይበዘብዝ ቀራጭ መሆን ይችላል። የጫት ሻጭ ገቢ የሚያድገው ግን ገዢው ይበልጥ ሲጠመድ ነው።

እትዬ (ገንደ ቆሬ)፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። አንዳችሁም ልጆቿ ነገ ምን እንደሚበሉ አልጻፋችሁም።

ጫት ማለት ዛሬ ተሸጦ ዛሬ የሚበላ ገንዘብ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የሚፈልገው የለም፣ ስለዚህ ቁጠባ የሚባል ነገር አይተርፍም። የማታውን ይዛ ዱቄት ትገዛለች፣ የጠዋቱን ለአከፋፋዩ ትመልሳለች። «ተዪ» ስትሏት ማክሰኞ ትታ ረቡዕ ትራባለች። ያዕቆብ ይህንን ነው የጻፈው። የዕለት ምግብ የሌላትን እህት «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ የሚሸኝ ሰው ምን ይጠቅማታል?

«በዋጋ ተገዝታችኋል» የሚለውን እወደዋለሁ። ግን የተጻፈው ለጉባኤው ነው። የተገዛችው እሷ ብቻ አይደለችም፣ ሽማግሌዎቹም ተገዝተዋል፣ እኛም። የኢየሩሳሌም ምእመናን መሬታቸውን እየሸጡ ዋጋውን በሐዋርያት እግር አጠገብ ያስቀመጡት ለዚህ ነው፤ በመካከላቸው ችግረኛ አልነበረም ይላል። እኛ ግን መዳንን ከእሷ ላይ የምንቀንሰው ነገር ብቻ አደረግነው። ከእኛ ኪስ ምን ቀነሰ?

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው። ተጠመቂ በሏት፣ ዛሬ። ከዚያ በሚቀጥለው ዕቁባችን የመጀመሪያው ዕጣ ይሰጣት። ሳምቡሳና ባጊያ መጥበስ ትችላለች፣ እጇን አውቀዋለሁ፣ ጎበዝ ናት። በራችን ላይ ቦታ እሰጣታለሁ፣ ኪራይ አልጠይቅም። ደንበኛ እስክትይዝ ግን ሁለት ሦስት ወር ያስፈልጋታል፣ ያንን ጊዜ ጫቱን ብትሸጥ እኔ ድንጋይ አላነሳባትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጫት ስንል አፋችንን እንጠብቅ። ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይቅማሉ። ባሏ የሞተ ዕለት ድንኳን የተከሉላት፣ ውኃ የቀዱላት እነሱ ናቸው። «የቃሚ ገንዘብ» እያልን ስንናገር እነሱም ይሰማሉ።

ነጋዴው፦ እትዬ፣ ዘይቱን ለመጀመሪያው ወር ከእኔ ትውሰድ። በዱቤ አይደለም።

ዲያቆን (ሐረር)፦ «ሁለት ሦስት ወር» የሚለው ግን ቀን ይቆረጥለት። ካልተቆረጠ ዓመት ይሆናል፣ ይህንን በብዙ ንስሐ አይቼዋለሁ። ለሷም ይከብዳታል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሷም የምትለው ይህንኑ ነው፤ «ልተው እፈልጋለሁ፣ ግን በምን?» ነው ያለችኝ። ነገ ከሽማግሌዎቹ አንዱን አነጋግራለሁ። ስለ አስራቱስ ምን ልበላቸው?

ሳቢያን፦ በዕቁቡ እኔንም ጻፊኝ። ስለ አስራቱ አልተስማማሁም፤ ሳምቡሳውን እስክትጀምር ድረስ ገንዘቡን ለልጆቿ ታውለው።

እትዬ (ገንደ ቆሬ)፦ ይሁን ልጄ። ግን «አልቀበልሽም» ብለው ሳይሆን «ለልጆችሽ አውይው» ብለው ይንገሯት።