የሣር ማጨጃዬ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ጥገና ቤቱ «ሞተሩ አብቅቶለታል» ይላል

ጓሮ ወዳዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቤንዚን የሚሠራ፣ እየተገፋ የሚያጭድ ማሽን አለኝ። ለወራት ሳልነካው ቆይቼ ሳስነሣው ሦስት አራት ሰከንድ ጮኸና ጸጥ አለ። ክንዴ እስኪዝል ገመዱን ሳብኩ፤ ያው ነው። ጥገና ቤት ወሰድኩት። ሦስት ሳምንት አስቀምጠው «ካርቡሬተር ተቀይሯል» ከሚል ደረሰኝ ጋር መለሱልኝ፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ መሆኑ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን አምና አጥር ስቀባ የተንጠባጠበችበት አረንጓዴ ቀለም እዚያው ጎኑ ላይ አለች! አዲስ ዕቃ የእኔን አጥር ቀለም ይዞ አይመጣም መቼም።

ይሁን ብዬ አስነሣሁት። በመጀመሪያው ስበት ተነሣ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ትንታ እንደያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ተርገፈገፈና ጠፋ። ወዲያው ብስበው እምቢ አለ። ግማሽ ሰዓት ሲያርፍ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል፤ ከዚያ እንደገና አሥር ደቂቃ። ስደውልላቸው ማሽኑን ሳያዩ «ሞተሩ አብቅቶለታል፣ አዲስ ይግዙ» አሉኝ። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ አዲስ ነው፣ የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው፣ ዘይቱም ልኩ ላይ ነው። ምን ልፈትሽ? ስለ ካርቡሬተሩስ እንዴት ላናግራቸው?

የድሮ መካኒክ፦
እህቴ፣ ባዩት ምልክት ብቻ ሞተርዎን ለመቅበር አይቸኩሉ። የመጀመሪያው ሕመም የቆየ ቤንዚን ይመስለኛል። ቤንዚን ከወር በላይ ሲቀመጥ ማርጀት ይጀምራል፤ ሲደርቅ የሚተወው ሙጫ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ይደፍናል። ያጠቡት ይመስለኛል። ማጠብ ራሱ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ያጠቡትን «ቀየርን» ብለው መጻፋቸው ነው ነውሩ።

የአሁኑ ግን ሌላ ነው። የቤንዚን ታንከሩ ክዳን ላይ አየር የምታስገባ ጥቃቅን ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲጎድል ቦታውን አየር ካልሞላው ታንከሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ቤንዚኑ ወደ ታች መውረዱን ያቆማል። ማሽኑ ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ይነሣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ እንዲያርፍ አይተዉት። ወዲያውኑ ክዳኑን ላላ አድርገው ጆሮዎን ይስጡ። «ፍስስ» ካለና መልሶ ከተነሣ ነገሩ አለቀ። ካልተነሣ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና፣ ማለትም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው ጥቅል ሽቦ፣ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ ገና ትኩስ እያለ ካንዴላው እሳት መስጠት አለመስጠቱ ይፈተሻል። ቤንዚን ክፍት ባለበት ግን እሳት አይሞክሩ፤ ክዳኑ ይዘጋ፣ የፈሰሰውም ይጠረግ።

ሁለት ጊዜ የከፈለ፦
ስለ ጥገና ቤቱ እኔ ልናገር። «ሌቦች» ብለሽ አትግቢ፤ በሩ ይዘጋብሻል። «የተፈታውን አሮጌ ካርቡሬተር ስጡኝ» በያቸውና ዝም በይ። ዝምታው ይሠራል። ለወደፊቱ ደግሞ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት እንዲደውሉልሽና አሮጌው እንዲመለስልሽ ስታስረክቢ አስጽፊ። «ካርቡሬተሩን ሥሩልኝ» አትበዪም፤ ያየሽውን ብቻ ንገሪ። የእኔው ድንጋይ መትቶ ቆሞ «ካንዴላ ይመስለኛል» ስላልኩ ካንዴላ ቀየሩ፤ ድንጋዩን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ቀን ሞተሩን ሊበትኑት ሲሉ አንድ ሌላ ባለሙያ ቮላኖውን (ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚሽከረከረውን ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ከዘንጉ ጋር አስተካክላ የምትይዘውን ጥፍር የምታህል ብረት አውጥቶ አሳየኝ፤ ግማሽ ድረስ ተቆርጣለች። እሷ ስትቆረጥ ቮላኖው ከቦታው ይንሸራተትና የካንዴላው እሳት ያለ ሰዓቱ ይመጣል።

የድሮ መካኒክ፦
ልክ ነው። እኛም ጥፋት አለብን፤ ሣር በሚያድግበት ሰሞን ሁሉም በአንድ ሳምንት ይመጣል፣ ደንበኛውን የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል።

ጓሮ ወዳዷ፦
ተመልሻለሁ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጠፋ። ክዳኑን ሳላላው ጋሼ እንዳሉት «ፍስስ» አለ፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። በመጀመሪያው ስበት ተነሣ! ክዳኑን ገልብጬ ሳየው ቀዳዳዋ በሣር ብናኝና በደረቀ ቅባት ተለስና ነበር። በሳሙና ውኃ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ ገጠምኩት። ጓሮውን በሙሉ ሳያቋርጥ አጨደ።

ከዚያ የአረንጓዴዋን ነጠብጣብ ፎቶ ይዤ ሄድኩ። አሮጌውን ካርቡሬተር ጠየቅኩና ዝም አልኩ። ልጁ ወደ ኋላ ገባ፣ ቆየ፣ ከአለቃው ጋር ወጣ። የማጠቢያውን አስቀርተው የዕቃውን ዋጋ መለሱልኝ። ስለ ሞተሩ ማብቃት ማንም አላነሣም። አሁን የቀረኝ ስለቱ ነው፤ ዶልዱሟል። አጋድሜ ልፍታው?

የድሮ መካኒክ፦
መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፤ ስለቱን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩ ሊነሣ ይችላል። ቤንዚኑንም ይቀንሱ። ሲያጋድሙት የአየር ማጣሪያው ያለበት ጎን ወደ ሰማይ ይሁን። አለበለዚያ ዘይቱ ማጣሪያው ውስጥ ይገባና ነገ «ነጭ ጭስ ያጨሳል» ብለው ይጽፉልናል።