የሬስሊንግ ጌም ላይ ቲኬት ስንት ነው የምታረጉት? እኔ ከሰርኩ

ጦሳ_ስር፦
ሰላም ጀማው። ከደሴ ነኝ፣ ሰሞኑን አንድ የሬስሊንግ ጌም ለክፎኝ እንቅልፍ የለኝም። የምትደባደብበት አይደለም፣ ድርጅቱን የምትመራበት ነው፣ ሬስለር ትቀጥራለህ፣ ማን ከማን ይጋጠም ትላለህ፣ አዳራሽ ትከራያለህ፣ ቲኬት ዋጋ ትቆርጣለህ ምናምን። መጀመሪያ ላይ ቲኬቱን 15 ዶላር አድርጌ 2000 ሰው በሚይዝ አዳራሽ 1900 ይገባልኝ ነበር። ከዛ ስግብግብ ሆንኩና ይሄ ሁሉ ሰው የሚመጣው ብረክስ ነው ብዬ በአንዴ 25 አልኩት፣ ሰዉ 1050 ሆነ። እሱስ እሺ፣ ጌሙ ለሾው የሚሰጠው ነጥብ ራሱ ወረደ! ሜን ኢቨንቱ፣ ዋናው ግጥሚያ ማለቴ ነው፣ ያው ሁለቱ ሰዎች ናቸው፣ የሻምፒዮና ቀበቶው ያው ነው፣ ምን ነካው? ደንግጬ 20 ላይ መለስኩት 1500 ገባ። በ15 ከቲኬት 28,500 ነው የማገኘው፣ በ20 ደግሞ 30,000፣ ስለዚህ 20 ይሻላል አይደል? ግን ባንኩ ላይ ለውጡ አይታይም እንደውም እየቀነሰ ነው፣ ምን እየበላው እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም። የገባው ካለ ይንገረኝ።

ቦርከና_ዳር፦
አብሽር ወንድሜ፣ ይሄን ነገር እኔ ጌም ላይ ሳይሆን በር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት። ኮምቦልቻ ኳስ የሚያሳይ ዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ዓመት ብር ስቀበል ነበር። አዘቦት ጨዋታ 15 ብር፣ አርሴናልና ማንቼ ከሆነ 30። አንድ ቀን ባለቤቱ ዛሬማ ሰው ይጎርፋል ብሎ 50 አለ። ግማሹ ልጅ በመስኮት ጎል ሲገባ ጩኸቱን እያዳመጠ ውጭ ቆመ፣ የገባውም ተቆጥቶ ነው የገባው። ከበሩ ብር ብዙም አልጎደለብንም፣ የጎደለው የት መሰለህ፣ ውስጥ ሻይና ለስላሳ የምትሸጠው ልጅ ጋ ነው። ሳንቡሳው እንዳለ ቀረ፣ እኛው በልተን ጨረስነው። ባለቤቱ ለካ የሚኖረው በሷ ነበር።
አሁን ወደ ጌምህ ና። ቲኬት ብቻ ነው የደመርከው። ከሾው በኋላ የሚመጣውን የገቢ ገጽ ወደ ታች ጎትተው፣ ቲሸርት ማስክ ምናምን የሚሸጠው ስንት ይላል? ለሰው አካፍለውና ንገረኝ።

ጦሳ_ስር፦
አየሁት፣ በሰው ወደ 6 ዶላር ይመጣል። እስከዛሬ ታች እንዳለ እንኳን አላውቅም ነበር ወላሂ

ቦርከና_ዳር፦
በቃ ደምረው። በ15 ዶላር 1900 ሰው፣ 28,500 ላይ 11,400 ስትጨምር 39,900። በ20 1500 ሰው፣ 30,000 ሲደመር 9,000፣ 39,000። 25 ያልከውማ ጠቅላላ 32,550 ነው፣ እሱን እርሳው። 15 ይበልጣል ማለት ነው። የሾው ነጥብ የወረደው ደግሞ አዳራሹ ግማሽ ባዶ ስለሆነ ነው፣ እንደዚህ ካሉ ጌሞች የሰዉን ጩኸት የሚቆጥሩ አሉ። ባዶ ወንበር አያጨበጭብም።

ሐረጎ_ጉም፦
25 ዶላር?? እኔ በዛ ብር ከደሴ ኮምቦልቻ ስንት ጊዜ ተመላልሼ ክርክራችሁን በአካል እሰማ ነበር 😂

የቪዲዮ_ቤት_ትውልድ፦
ልጆች እኔ ትንሽ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፣ ሬስለሩን አንደርቴከርን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ነው ያየነው። ቦርከና ያልከው ልክ ነው ግን ሒሳቡን ግማሽ መንገድ ላይ ተውከው። የ900 ዶላር ልዩነት ምንም አይደለም፣ ዋናው አዳራሹ ነው። ጦሳ፣ 2000 ለሚይዘው ኪራይ ስንት ትከፍላለህ? ደግሞስ 1500 የሚይዝ የለም እዛ ከተማ?
ይሄን የምለው በእውነተኛው ሬስሊንግም እንዲሁ ስለሆነ ነው። ኢሲደብልዩ የሚባለው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት ስሙን የተከለው ፊላዴልፊያ ውስጥ ቢንጎ መጫወቻ በነበረች ጠባብ አዳራሽ ነው፣ ሰዉ ሪንጉ ላይ ሊወጣ ምንም አይቀረውም፣ በቲቪ ስታየው ዓለም ሁሉ እዛ ያለ ይመስልሃል። ቲኤንኤ የሚባለው ሌላው ድርጅት ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ኦርላንዶ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ሲቀርጽ ሰው በነፃ ነበር የሚያስገባው። ሞኝ ሆኖ አይደለም፣ እንጀራው ቲቪው ስለነበር ካሜራው ፊት ወንበር እንዲሞላለት ነው። ሬስልማንያ 3 በሚባለው ትልቅ ሾው ላይ 1987 አሜሪካ ፖንቲያክ ከተማ 93,173 ሰው ገባ ተብሎ ታወጀ፣ ቁጥሩ እስካሁን ያከራክራል፣ ግን አየህ የተጋጠሙት ሀልክ ሆገንና አንድሬ ዘ ጃይንት ስለሆኑ ነው ያን የሚያክል ስታዲየም የተደፈረው። ያንተ ቻምፒዮን ገና አንድሬ አይደለም።

ጦሳ_ስር፦
ጋሼ አየሁት፣ ትልቁ 9 ሺህ ነው ኪራዩ፣ 1500 የሚይዘው 5 ሺህ።

የቪዲዮ_ቤት_ትውልድ፦
ታዲያ ምን ትጠብቃለህ። ትልቁን በ15 ይዘህ ከ39,900 ላይ 9 ሺህ ሲነሳ 30,900። ትንሿን በ20 ይዘህ ከ39,000 ላይ 5 ሺህ ሲነሳ 34,000፣ አዳራሹም ጢም ይላል ነጥብህም ይመለሳል። ትልቁን አዳራሽ ለትልቁ ሾው አስቀምጠው፣ ሁለት ወር ታሪክ ስትገነባበት ለቆየኸው ጠብ። ያኔ 25 ብትልም ሰው አይቆጣም።

ቦርከና_ዳር፦
ይሄን አልካድኩም ጋሼ፣ ኪራዩን አላሰብኩትም፣ እኛ ቤት ኪራይ ስለማይከፈል ይሆናል ያባቱ ቤት ነበር 😅 አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ከተማ ስትቀይር ያው ዋጋ ይዘህ እንዳትሄድ። ጌሙ ስምህን በየአካባቢው ለየብቻ የሚቆጥር ከሆነ ደሴ ሰው 20 ቢከፍልህም ወልዲያ ስትሄድ የዛ ሰው ማነህ ነው የሚልህ። እዛ ከ10 ጀምርና አዳራሹ በተከታታይ ሁለቴ ሲሞላ አንድ ሁለት ዶላር ጨምር። በአንዴ 10 ዶላር ዘሎ መጨመር ነው አንተን ያሳበደህ።

ጦሳ_ስር፦
ሞከርኩት!! ትንሿ አዳራሽ፣ 20 ዶላር፣ 1470 ሰው ገባ፣ የሾው ነጥቡም በ15 ወደነበረው ተመልሷል። ሜን ኢቨንቱን አልነካሁትም፣ እነዛው ሁለቱ ናቸው። ባንኩ ገና ቀይ ነው ግን መውጣት ጀምሯል። አሁን 21 ልበለው ወይስ አንድ ሾው ልጠብቅ?

የቪዲዮ_ቤት_ትውልድ፦
30 ወንበር ባዶ ነው እኮ። ጠብቅ።

ቦርከና_ዳር፦
ደሴ ዛሬ መብራት እንደለመደው ሳይሄድ ሴቭ አርገው መጀመሪያ።