ወበቅ ውስጥ ማራቶን እንዴት ይሮጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ሯጮች፣ የመጀመሪያ ማራቶኔን ወበቅ ያለበት አገር ልሮጥ ነው፣ እኔ የለመድኩት ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ የመስቀል አደባባይን ደረጃ መውጣት መውረድ ነው። ያሰብኩትን ሰዓት ልተወው?

መልስ፦ እርሳው ወንድሜ። የዶሃው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ 2019 እ.ኤ.አ. ትዝ ይልሃል? የሴቶቹ ማራቶን እኩለ ሌሊት ላይ ተጀምሮ እንኳ ከ68ቱ 28ቱ አቋርጠዋል። ወበቅ ሲኖር ላብ ቶሎ አይተንም፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም።

መልስ፦ ሌሊሳ ዴሲሳ ግን እዚያው በወንዶቹ ማራቶን በ2:10:40 ወርቅ ወስዷል። አንተ ሌሊሳ አይደለህም፣ አትቀየም ሃሃ። ሙቀቱን እንድትለምድ ሁለት ሳምንት ሲቀርህ በቀትር ቀለል አድርገህ ሩጥ። እኔ ቸርችል ጎዳናን ጃኬት ደርቤ ሽቅብ ስሮጥ ሰው እብድ መስዬው ነበር።

መልስ፦ ውሃ ብቻ አትጋት፣ ጨውም ያስፈልጋል። ካዞረህ ቁም።

ጠያቂው፦ እሺ፣ ነገ በቀትር እሞክራለሁ። ጃኬቱ ይቅርብኝ።