ኦኬ የሚለው ቃል ግን ከየት መጣ?

የቆጪ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ትናንት ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን የተነሳ ክርክር ነው እስካሁን አልተፈታም። አንዱ ጓደኛችንን አለቃው በቴሌግራም "ነገ ሁለት ሰዓት መጋዘን እንገናኝ" ሲለው "ኬ" ብሎ ብቻ መለሰ፣ ሰውየው ወዲያው ደውሎ "እኔ እኩያህ ነኝ እንዴ?" ብሎ አፋጠጠው። ከዛ ኦኬ ራሱ ምንድነው ተባለ። አንዱ ጦርነት ላይ "ዜሮ ኪልድ"፣ ዜሮ ሰው ሞተ ማለት ነው አለ፣ ሌላው የለም የቀይ ህንዶች ቃል ነው ብሎ ድርቅ፣ ማኪያቶ ተወራርደዋል። የምታውቁ ገላግሉን

ቲቸር ሒርማታ፦
ሁለቱም ይክፈሉ 😂 የጦርነቱ ወሬ ውሸት ነው፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተነሳው 1861 ነው፣ ቃሉ ግን በፈረንጅ መጋቢት 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ወጥቷል። ያኔ የቦስተን ጋዜጠኞች ስፔሊንግ ሆን ብለው አበላሽተው ማሳጠር ፋሽናቸው ነበር፣ ልክ አሁን ልጆች ቴሌግራም ላይ እንደሚያደርጉት በሉት። "ኦል ኮሬክት" በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው እነሱ ግን እንደሚሰማው ኦ እና ኬ አደረጉት፣ ቀልዱ እኮ ሁሉም ትክክል ነው የሚለው ራሱ ስህተት መሆኑ ነው። "ኦል ራይት"ንም ኦ ደብሊው ይሉት ነበር እሱ ሞቶ ቀረ። ኦኬን ያተረፈው የ1840 የአሜሪካ ምርጫ ነው፣ ፕሬዚዳንት ቫን ቡረን የኪንደርሁክ ሰው ስለነበር ደጋፊዎቹ "ኦልድ ኪንደርሁክ" እያሉ ኦኬን መፈክር አደረጉት፣ ሰውየው ተሸነፈ ቃሉ ግን አሸነፈ። ይሄን ሁሉ ከድሮ ጋዜጣ ቆፍሮ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው በ1960ዎቹ። የቀይ ህንዱ ደግሞ ቾክታው ከሚባሉት ነው የሚል ነው፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰን እንኳን አምኖበት "ኦኬህ" ብሎ ይጽፍ ነበር፣ ስለዚህ ጓደኛህ ብቻውን አልተሳሳተም

የጀበናዋ፦
ቲቸር እናመሰግናለን እኔ ግን ስለ አጠቃቀሙ ልጨምር፣ አንድ ፈረንጅ እኔ ጋ ቡና ጠጥቶ እንዴት ነው ስለው "ኢትስ ኦኬ" አለኝ፣ ደስ ብሎኝ ቶናውን በነጻ ደገምኩለት። ለካ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ደንበኛዬ እንደነገረኝ እንደዛ ሲሉ "ምንም አይልም" ማለታቸው ነው፣ ድምጹ ይለየዋል እንጂ ማድነቅ አይደለም። ቶናዬን ይመልስልኝ እንግዲህ 😅 እኛ ጋ ደግሞ ኦኬ ሲባል ያው ቶሌ ወይ እሺ ነው፣ ግን ለትልቅ ሰው "ኬ" ብሎ መጻፍ በር ዘግቶበት መሄድ ነው የሚመስለው አለቃው ቢቆጣ አልፈርድበትም

ቡና ነጋዴ፦
እሺስ ብትሆን ምን ታምናታለህ "እሺ ነገ" የሚባለው በከንቱ ነው? እኔ ከኦኬ ይልቅ ስንት እሺ አክስሮኛል

የቆጪ ልጅ፦
ተባረኩ ቲቸር፣ ማኪያቶውን ሁለቱም አንከፍልም ብለው እኔ ከፈልኩ። ጓደኛችን ደግሞ ምክራችሁን ሰምቶ ለአለቃው "እሺ ጋሼ በደስታ" ብሎ ጻፈለት፣ ሰውየውም ተባረክ አለው። አሁን ሦስት ተኩል ሆኗል ልጁ እዚህ አጠገቤ ቡና እየጠጣ ነው